በሂደት ላይ ያሉት ጋሽ ቦጂያ

ጋሽ ቦጂያ በየማለዳው ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው የሕንፃው መግቢያ ላይ ይቆሙና የእጅ ሰዓታቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ ዘበኛውን «ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ዘበኛው ሲነግራቸው ፊታቸውን ቅጭም ያደርጋሉ፤ ሰዓቱንም ዘበኛውንም ሳያምኑ ይሄዳሉ።

በየኮንዶሚኒየሙ አንድ ገምጋሚ አለ። መብራት የሌለው ሕንፃ አይቻለሁ፤ ውኃ ሦስተኛ ፎቅ የማይደርስበት ሕንፃ ውስጥ እኔው ራሴ እኖራለሁ፤ ገምጋሚ የሌለው ሕንፃ ግን አላየሁም። የአንዱ ሕንፃ ገምጋሚ ቆሻሻ የት እንደሚደፋ ይከታተላል፣ የሌላው ማን ማንን ይዞ እንደገባ ያውቃል። የእኛ የልደታዎቹ ገምጋሚ ጋሽ ቦጂያ ግን ከሁሉም የባሱ ናቸው፤ እሳቸው የሚገመግሙት ዕቅዳችንን ነው። የመንግሥትን ዕቅድ አይደለም። ሰው በእንቁጣጣሽ ሞቅታ «ዘንድሮስ...» ብሎ የሚጀምረውን፣ በመስቀል የሚረሳውን፣ ያንን የራሱን ዕቅድ።

ነገሩ የተጀመረው በ2005 መስከረም ነው። የሕንፃችን ነዋሪዎች በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በጋራው ቤት እንሰበሰባለን፤ ለበዓል በግ የሚታረድበት፣ በአዘቦት ልብስ የሚታጠብበት ቤት ነው። ስለ ውኃው ሞተር እንጨቃጨቃለን፣ ስለ ዘበኛው ደመወዝ እንጨቃጨቃለን፣ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ይደርሳል። ልዩ ልዩ ማለት ሁሉም ነጠላውን አስተካክሎ ለመሄድ የሚነሣበት ሰዓት ነበር። ያን ዕለት ግን ክቡር ገምጋሚያችን ተነሡ።

«እያንዳንዱ ሰው ለዓመቱ ያቀደውን አንድ ነገር እዚሁ ይናገር። በየወሩ እንገመግማለን።»

ማንም እምቢ አላለም። በአገራችን ግምገማን እምቢ ያለ ሰው፣ እሱው ይገመገማል።

ምድር ቤት የሚኖረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጴጥሮስ ሲጋራ አቆማለሁ አለ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ወይንሀረግ መንጃ ፈቃድ አወጣለሁ አሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ግጥም ተምሬ የወጣሁ ብሆንም ሰው ፊት ስሜን ስናገር እንኳ ድምፄ ይጠፋል። መሬት መሬት እያየሁ «ግጥሜን ሰው ፊት አነባለሁ» አልኩ።

«ድምፅ!» አሉ ጋሽ ቦጂያ። ደገምኩት። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

የራሳቸውን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። «እህቴን ኮከቤን እታረቃለሁ።»

ነባር የልደታ ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። ጋሽ ቦጂያና ታላቅ እህታቸው እትዬ ኮከቤ ዛሬ ሕንፃዎቹ በቆሙበት መሬት ላይ፣ በወላጆቻቸው ግቢ አብረው ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። «የምትስማሙ እጅ አውጡ» ሲባል፣ ጋሽ ቦጂያ አጠገባቸው የተቀመጡትን እህታቸውን ሳያማክሩ እጃቸውን አወጡ። እትዬ ኮከቤ ቀና ብለው ያንን እጅ አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማቸውን አላናገሩም። ጋሽ ቦጂያ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ እህታቸው ጌጃ ሰፈር የቀበሌ ቤት ገቡ። ቅርብ ነው፣ ታክሲ እንኳ አያስፈልገውም። ለዓመታት ግን አንዳቸውም ወደ አንዳቸው አልሄዱም።

«ኮከቤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ልቧም ታማለች» አሉ ጋሽ ቦጂያ። «ይህ ዕቅድ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚዞር አይደለም።»

ጋሽ ቦጂያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው ከየወረዳው የሚመጣ ሪፖርት ማጠናቀር ነበር። ከዚያ ሥራ ያተረፉት ማንንም አለማመንን ነው። «ተተከለ ተብሎ የመጣልኝ ችግኝ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ አገር ሰው የሚቆምበት ቦታ አይተርፍም ነበር» ይላሉ። ስለዚህ የእሳቸው ሕግ የተገለበጠ ነው፤ የተሳካለት ሰው ተጠርጣሪ ነው።

ጥቅምት ላይ ጴጥሮስ ደረቱን ነፍቶ «መቶ ከመቶ! ሲጋራ በአፌ አልዞረም» አለ። ጋሽ ቦጂያ ተነሥተው ሄደው ጃኬቱን አሸተቱት።

«ማስቲካ ማስቲካ ትላለህ።»

«ጋሼ፣ ማስቲካ ወንጀል ነው እንዴ?»

«ንጹሕ አፍ ማስቲካ ምን ያደርግለታል?»

ጴጥሮስ ምስኪን እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ «አንዳንዴ አጨሳለሁ ጋሼ» እያለ መዋሸት ጀመረ። ጋሽ ቦጂያም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ጎሽ፤ አሁን የሰው ሪፖርት ሆነ» ይሉታል።

ወይዘሮ ወይንሀረግ ጥር ላይ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ቦጂያ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ይኼ ማስረጃ ነው። ክንውኑ የታል?» አሉ። ስብሰባው እንዳለ ወደ ግቢው ወረደ። የሰው መኪና ተለመነ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ሕንፃውን በቀስታ ዞሩት፤ እኛም እንደ ቀብር ሸኚ ከኋላ ከኋላ ተከተልን። አልተሳሳቱም። የጋሽ ቦጂያ ፊት ጠቆረ።

«ወደ ኋላስ?» አሉ።

ወደ ኋላ ሲመጡ የዘበኛውን ወንበር ገጩት።

«ክፍተት!» አሉ ጋሽ ቦጂያ፤ ፊታቸው በራ። «ክፍተት አለ! እንግዲህ ፈቃዱ እውነተኛ ነው ማለት ነው።»

የእኔ ተራ አጭር ነበር። «ኑኃሚን?» ይሉኛል። «ዜሮ» እላለሁ። «አያችሁ? ይቺ ልጅ አትዋሽም!» ይላሉ ወደ ሰዉ ዞረው። በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ስብሰባ የለም።

የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን «የእኔ በሂደት ላይ ነው» ብለው ስብሰባውን ይዘጋሉ። ኅዳር ላይ በሂደት ላይ። ጥር ላይ በሂደት ላይ። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ፤ በሂደት ላይ። መጠርጠርን ያስተማሩን እሳቸው ናቸውና ሕንፃው በሙሉ እሳቸውን መጠርጠር ጀመረ። አንድ ቀን ወይዘሮ ወይንሀረግ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«እኚህ ሰውዬ ጌጃ ሰፈርን ረግጠው አያውቁም። ልማልልሽ?»

«ኧረ አይማሉ።»

«አንቺ እዚያ አይደል የምትሠሪው? እስቲ ዓይንሽን ጣል አድርጊ።»

እውነት ነው፤ ጌጃ ሰፈር ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪ ወረቀት አርማለሁ። ግጥም የተማረ ሰው የሚያገኘው ሥራ ይኼ ነው። ዓይኔን ጣል ማድረግ ደግሞ ለአፋር ሰው አይከብድም፤ ዕድሜ ልካችንን የምንሠራው እሱን ነው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አየኋቸው። ከብየዳ ቤቶቹ አለፍ ብሎ ባለች አንዲት የቆርቆሮ በር ፊት፣ ሙዝ የሞላበት ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል። ኮታቸውን አስተካከሉ። ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ያ በስብሰባ ላይ ሳያመነታ የተነሣ እጅ፣ አሁን አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ዞር ብለው እየሄዱ አንድ ሙዝ ላጡና በሉ። ጥቂት ሄደው ሌላ ላጡ። ማስረጃ እያጠፉ መሆኑ ገባኝ።

ቀና ሲሉ ተያየን።

«ተከታተልሽኝ?»

«ከሥራ እየወጣሁ ነው ጋሼ።»

«ማስረጃ?»

ቀለም የነካውን ጣቴን አሳየኋቸው። አዩት፣ አሰቡ፣ አንድ ሙዝ ዘረጉልኝ። ጉቦ መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በላሁት።

የነሐሴው ስብሰባ ደረሰ። ጋሽ ቦጂያ «የእኔ በሂደት ላይ...» ብለው ሳይጨርሱ ጴጥሮስ ከኋላ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ማስረጃ?»

ሰው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የጠበቃት ቃል ነበረች። ጋሽ ቦጂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግድግዳውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ምስክር አለኝ። ኑኃሚን ጌጃ ሰፈር፣ የኮከቤ በር ላይ አይታኛለች።»

አንገቶች ሁሉ ዞሩ። ፊቴ ነደደ። «አይቻቸዋለሁ» አልኩ። ዓመት ሙሉ ዜሮ ስትል የከረመች ልጅ ማን ይጠራጠራል? ጴጥሮስ ተቀመጠ።

እኔ ግን አልተኛሁም። በማግስቱ በራቸውን መታሁ።

«ሐሰተኛ ምስክር አደረጉኝ ጋሼ።»

«የዋሸሽው ነገር የለም።»

«ያልተናገርኩት ነገር አለ።»

ፊቴ እንደቆሙ ድንገት ያረጁ መሰሉኝ። «በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ» አሉ። «እኔ ያንን እጅ ነው የምፈራው። ስታየው እሱን ነው የምታስታውሰው።»

«ሽማግሌ ይላኩ።»

«ሽማግሌ አላምንም። ሄደው ሻይ ይጠጡና ተስማምታለች ብለው ያጋንኑብኛል።»

«እኔስ?» አልኩ። ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።

ጠባብ ዓይናቸው ከእግር እስከ ራሴ ገመገመኝ። «አንቺ እንኳ አታጋንኚም» አሉ።

እንዲህ ሆኜ በሃያ አራት ዓመቴ ሽማግሌ ሆንኩ። ጳጉሜን ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሁለታችን ወደ ጌጃ ሰፈር ሄድን። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔው ይቅርታ ጠያቂ ግን ሙዝ ተሸክመዋል። የቆርቆሮዋ በር ፊት ስንደርስ ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ኮከቤ ልብስ ሲያጥቡ ነበርና እጃቸው የሳሙና አረፋ እንደያዘ ከፈቱ። ከእኔ ትከሻ በላይ ወንድማቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይቺ ማናት?» አሉ።

«ሽማግሌ ነኝ እትዬ» አልኩ።

«ሽማግሌ! አንድ ሽበት እንኳ ሳታበቅዪ! ሌሎቹስ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ግቢና ተቀመጪ በይ።»

«እሺ ካላሉን አልቀመጥም» አልኩ። ይህ የሽማግሌ ደንብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከዚህ ሌላ የማውቀው ደንብ አልነበረኝም።

እትዬ ኮከቤ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ይኼን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ አንተ?»

ጋሽ ቦጂያ አፋቸውን ከፈቱ። የሚያውቁት ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«በሂደት ላይ ነበርኩ እቴቴ።»

እትዬ ኮከቤ የሳሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሳቁ። ሲስቁ ዕንባቸው መጣ። «በሂደት ላይ! ከልደታ ጌጃ ሰፈር! ቅዳሜ ቅዳሜ በመስኮት የማላይህ መሰለህ? ትመጣለህ፣ ትገተራለህ፣ ትሄዳለህ። ሙዙን እንኳ አንድ ቀን ደጄ ላይ አልጣልክልኝም፣ ሆዳም!»

«ለምን አልከፈትሽልኝም?» አሉ ጋሽ ቦጂያ፤ ድምፃቸው የሕፃን ሆኖ።

«ቤታችንን ሳትጠይቀኝ ሰጠህ። በሬን እንኳ አንኳኩተህ ጠይቀኝ ብዬ ነው። ይኸው ዛሬ አንኳኳህ። ይቅር ለእግዜር። ግባ።»

ጋሽ ቦጂያ ሳል ያዛቸው። ገባን። ተቀመጥኩ።

በመስከረሙ ስብሰባ ጋሽ ቦጂያ ተነሥተው «ሰማንያ ከመቶ» ብለው ሪፖርት አቀረቡ። «ቀሪው ሃያስ?» አለ ጴጥሮስ። «እስካሁን ትሰድበኛለች» አሉ፤ በኩራት።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት አነበብኩላቸው። የምወዳቸውን ሰው ከጀርባቸው ልጽፍባቸው አልፈለግሁም። የጴጥሮስን ጃኬት ማሽተታቸውን ሲሰሙ «ይግባ» አሉ። ስለ ጉቦው ሙዝ «ሐቅ ነው፣ ይግባ» አሉ። የድምፃቸውን የሕፃን መሆን እንኳ አለፉልኝ። አንድ ነገር ላይ ብቻ፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ሰው ሳይኖር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱን ተይልኝ ልጄ፤ ኮከቤ እኔ መስዬአት ነው ደስ ያላት» አሉኝ።

ይቅርታ ጋሼ። ክፍተት የሌለው ሪፖርት እንደማይታመን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።