ልጃችንን ያበላሸው ጃፓናዊ

ልጄን ያበላሸብኝ ካርቱን ነው ብሎ የሚምል ወላጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔ አለሁላችሁ። እዚህ ካምፓላ ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር ምግብ ቤት አለን። የአምስት ዓመቷ ልጃችን ሊያ አንድ የጃፓን ካርቱን ትወዳለች፤ አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ ለትልቅ ሰው የሚናገር የአንድ ቀበጥ ሕፃን ታሪክ ነው።

አንድ ቀን ከኦልድ ካምፓላ ሰፈር የሚመጣ ወፍራም ነጋዴ ደንበኛችንን ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ መቼ ነው የምትወልደው?" አለችው። ሰውየው ምሳውን ትቶ ወጣ። እኛም ካርቱኑን ከለከልናት።

"ያስለመድሻት አንቺ ነሽ!" አልኳት አልማዝን። "አንተ ነህ እንጂ!" አለችኝ። በዚህ ተኳርፈን ሦስት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። ይባስ ብላ አልማዝ እህቷ ጋ ልትሄድ ተነሳች።

ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ሊያስታርቁን መጡ። "በካርቱን የተነሳ ትዳር ልትበትኑ?" ሲሉን ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። ሊያ ግን ምን በወጣት!

"ጋሼ፣ እኔን ከልክለው እነሱ ያያሉ እኮ! አባዬ ሽንት ቤት ተደብቆ በስልኩ ያያል። እማዬ ደግሞ ጓዳ ሆና፣ ሳቋ እንዳይሰማ ሻርፗን እየነከሰች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀና ስል የአልማዝ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔም መቻል አቃተኝ።

ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ ወደ ሊያ ዞሩ። "በይ እስቲ ክፈቺው፤ እኔም ልየው።"

አራታችን አንድ ሶፋ ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን።

"ጠጋ በል፣ አይታየኝም" አለችኝ አልማዝ።