ደህና እግሬና ወጌሻው

በፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ክርስቲያን የለም! አትቆጡ... እኔም ክርስቲያን ነኝ። ከክልሉ ውጭ ሁላችንም ደህና ሰዎች ነን፤ እንጾማለን፣ እንጸልያለን፣ የተቸገረ እንረዳለን። ያቺን ነጭ መስመር ስንሻገር ግን ምን እንደሚነካን እንጃ! ነፋስ ሽው ሲልብን እንወድቃለን። ወድቀንም አንቀር፣ እንንከባለላለን።

ለማታውቁኝ፣ መርካቶ ውስጥ ባልዲና ሳፋ እሸጣለሁ። እሁድ ጠዋት ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል አስተምራለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስሮጥ ቦርጬ ቀድሞኝ ይደርሳል። ቢሆንም የፕላስቲክ ተራ ቡድን አምበል ነኝ። አምበል የሆነው በችሎታው ሳይሆን ማሊያውን ስለገዛ ነው እያሉ የሚያሙኝ አሉ። እውነታቸውን ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ ጠዋት ምን ባስተምር ጥሩ ነው? ስለ መዝራትና ስለ ማጨድ! "ወገኖቼ፣ ስንዴ ዘርቶ ገብስ ያጨደ ገበሬ አይታችኋል?" ብዬ ጠረጴዛውን ደበደብኩ። አንዲት እናት አለቀሱ። ጸልዬ አሰናበትኩና ታኬታዬን አንጠልጥዬ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ወዳለው ሜዳ በረርኩ። ከበርበሬ በረንዳ ጋር ግማሽ ፍጻሜ ነበረን። አሥራ አንድ ዓመት ስጫወት የፍጻሜን ጨዋታ አንድም ቀን ተጫውቼው አላውቅም፤ የዘንድሮው ካለፈኝ ደግሞ ጉልበቴ ሌላ ዓመት እንደማይሰጠኝ አውቀዋለሁ።

የበርበሬ በረንዳው ተከላካይ ከድር ነው። ከድር ቅመማ ቅመም ነጋዴና የልብ ወዳጄ ነው። ማሊያው ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት አጠገቡ የደረሰ አጥቂ ሁሉ መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ኳሷን ይነጠቃል።

ዜሮ ለዜሮ እንደሆንን ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ኳሷ እግሬ ስር ገባች። እንዴት እንደገባች አትጠይቁኝ። ከድር እግሩን ዘረጋ። በእሱ እግርና በእኔ እግር መካከል ሚኒባስ ከነተሳፋሪው ያልፍ ነበር! እኔ ግን ወደቅኩ። "ወይኔ እግሬን!" ያልኩት ጩኸት አንዋር መስጊድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ሪጎሬ!" አሉ የእኛ ሰዎች።

ዳኛው ነፋ። ለከድርም ቀይ ካርድ መዘዘለት።

"ወላሂ አልነካሁትም!"

"ውጣ ብዬሃለሁ!"

ሪጎሬዋን አገባናት። ለፍጻሜ አለፍን! እኔ ግን ተነስቼ መጨፈር አልቻልኩም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው እንዴት ይጨፍራል? እያነከስኩ ወጣሁ። እስከ ማክሰኞ ቀስ ብዬ እድናለሁ፣ እሁድ እጫወታለሁ ብዬ አሰብኩ። የመርካቶን ሰው ረስቼ!

መርካቶ ሰው ታመመ ከተባለ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚጠይቀው። ሰኞ ከሰዓት ቤቴ በሰውና በብርቱካን ተሞላ። ባለቤቴ የሺ ለስላሳ ስታቀርብ ቆየችና አጠገቤ ጎንበስ ብላ፣

"ትናንት ያነከስከው በቀኝህ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።

"ሕመሙ ይዞራል።"

"ይዞራል?"

"ይዞራል አልኩሽ!"

ማክሰኞ የጸሎት ቡድናችን መጣ። እግሬን ከበው ጸለዩና መሪያቸው "ወንድም ተካልኝ፣ ተነስና ተራመድ!" አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ብነሳ እሁድ መድረክ ላይ ማይክ ያስይዙኝና መስክር ይሉኛል። ሪጎሬ ሰርቄያለሁ፤ ተአምር መስረቅ ግን ፈራሁ። እንደተጋደምኩ ቀረሁ። ሲወጡ አንዱ "እምነት ይጎድለዋል" ሲል ሰማሁት። መምህሩን እኮ ነው!

ረቡዕ ከድር አንድ ሽማግሌ አስከትሎ ገባ።

"ጋሽ ሙደሲር ይባላሉ፤ ወጌሻ ናቸው። እጃቸው መድኃኒት ነው፣ ወላሂ!"

የሽማግሌው አውራ ጣት የእኔን የእጅ አንጓ ያክላል። እግሬን ቅቤ ቀብተው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ለከድር በጉራጊኛ አንድ ነገር አሉት። ከድርም በጉራጊኛ መለሰላቸው። ከዚያ ትከሻዬን ግጥም አድርጎ ያዘ።

"ጋሼ፣ ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝ..." አልኩ።

"አይዞህ ልጄ።"

ቀጭ! አለ። ኮከብ ብቻ አይደለም፣ ጨረቃም አየሁ።

"ምንድን ነው የጮኸው ጋሼ?"

"የወጣው ገባ።"

"ኧረ የወጣ አልነበረም!"

"እንግዲያው አሁን እንመልሰዋለና!" ብለው ደገሙልኝ። "ቻለው ወንድሜ!" ይላል ከድር ከበላዬ። በመጨረሻ በቀርከሃ ጠፍረው አሰሩኝና "አሥራ አምስት ቀን መሬት እንዳይነካ" ብለው አዘዙ። ፍጻሜው አራት ቀን ቀርቶታል! የዚያን ቀን አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ግን ከሕመሙ መስሎት አባበለኝ።

ቅዳሜ እግሬ አብጦ እውነተኛ ሕመምተኛ ሆኜ ሳለ ከድር ሊጠይቀኝ መጣ። ከዚያ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም።

"ከድር፣ ይቅር በለኝ። አልነካኸኝም" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅህ?"

"እግሩ የእኔ አይደል እንዴ? የት እንደነበረ አላውቅም?"

"ታዲያ ወጌሻ ምን አመጣው?"

"አቦ ወዳጄ ነህ! አመመኝ ስትል ውሸታም ልበልህ?"

"ቆይ... ሽማግሌው ያኔ በጉራጊኛ ምን አሉህ?"

ከድር ብርቱካኑን እየላጠ ፈገግ አለ። "'ይሄ ሰውዬ ምንም አልሆነም' አሉኝ።"

"አንተስ ምን አልካቸው?"

"'ግዴለም፣ አመመኝ ያለው እሱ ነው፤ በደንብ ይሹት።'"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተናደድኩ ማለት አልችልም። አፈርኩ። የላጠልኝንም ብርቱካን በላሁ።

እሁድ በከድር ትከሻ ተደግፌ ፍጻሜውን ከመስመር ውጭ ተቀምጬ አየሁት። ተጋጣሚያችን ጫማ ተራ ነው፤ ዳኛው ያው ያለፈው ሳምንት ዳኛ። አንድ ለዜሮ እየተመራን መጨረሻው ላይ የእኛ አጥቂ ቢኒያም ክልሉ ውስጥ ገባ። እኔ መጫወት የነበረብኝ ቦታ ላይ መሆኑ ነው። የጫማ ተራው ተከላካይ የምሩን ጠለፈው! ካልሲው ተቀደደ፣ ቁርጭምጭሚቱ ደማ። ዓይነ ስውር እንኳ የሚያየው ሪጎሬ ነበር።

ዳኛው ግን እጁን አወናጨፈ። "ተነስ! የፕላስቲክ ተራን ድራማ ባለፈው ሳምንት ጨርሰን አይተናል!"

ለካ ወጌሻው ያሉት ነገር መርካቶን አዳርሶ ኖሯል! ቢኒያም በሕይወቱ አስመስሎ ወድቆ አያውቅም። የእኔን እዳ ነው እሱ መሬት ላይ ተኝቶ የሚከፍለው። (መሸነፋችንን እዚሁ ልንገራችሁና ልገላገል።) በአንድ እግሬ ተነስቼ ቆምኩና ባለኝ አቅም ጮህኩ።

"ሪጎሬ ነው! በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ!"

ሜዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የጫማ ተራ ሰው ሳቀ፣ የራሴ ቡድን ሳቀ፣ ዳኛው ፊሽካው ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ እውነት አስተምሬ፣ እውነት በተናገርኩበት ቀን የሚያምነኝ አንድ ሰው አጣሁ።

ያልሳቀው ከድር ብቻ ነበር። ክንዴን ይዞ ቀስ አድርጎ አስቀመጠኝና ወደ መስመሩ ራመድ አለ።

"ተቀመጥ አንተ" አለኝ፤ "እኔ ልንገራቸው። እኔ ያልኩት ይሰማል።"