የሾፌሩ እንቅልፍ

ሰው ሕልሙን ሲያወራ «ትናንት ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። ልሳነወርቅ ግን ሕልሙን ያየው በጠራራ ፀሐይ፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፈው የዓባይን በረሃ ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ ሙቀቱ በረታ፤ ዓይኑ ከዳው።

አስቀድሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ይነገር። ልሳነወርቅ የአንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። ክፉ የሚባል ሰው አይደለም። ለቅሶ ይደርሳል፣ ለሠራተኛ ሠርግ ሙክት ይልካል፣ ኩባንያው በየዓመቱ በሚያሳትመው መጽሔት ላይም «ማኅበራዊ ኃላፊነታችን» የሚል ጽሑፍ ከፎቶው ሥር ያወጣል። ባለፈው ክረምት ጎማና ነዳጅ ሲወደድ ግን አንድ ዘዴ አመጣ። በየአውቶቡሱ ሁለት ሆነው እየተቀያየሩ ይነዱ ከነበሩት ሾፌሮች አንዱን አስቀረ። ነባሮቹ ሾፌሮች ተሰብስበው ቢሮው ድረስ መጡና «ጌታው፣ ሰው የሚገድለው መንገዱ አይደለም፤ የከበደ ዓይን ነው» አሉት። እሱም «እስኪ ለጥቂት ወራት እንሞክረው» ብሎ በትሕትና ሸኛቸው።

ወራቱ አለፉ። አንድም አውቶቡስ አልተገለበጠም። አሁን ባሕር ዳር ለሚሰበሰቡት ባለአክሲዮኖች ሪፖርት አቅርቦ፣ ዘዴው በሁሉም መስመር እንዲጸድቅለት ሊጠይቅ እየሄደ ነበር። የአውሮፕላን ቦታ ስላጣ ለማንም ሳይናገር በራሱ ኩባንያ አውቶቡስ ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጡት እትዬ አገሬ የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ማንነቱን አያውቁም፤ ቆሎ ዘግነው ሰጡት፣ «ብላ ወንድሜ፣ መንገድ ያስርባል» አሉት። በላ። ከዚያ ተኛ።

መጀመሪያ ያየው መናኸሪያ ነው። ጩኸቱም አቧራውም የሚያውቀው ነው፤ ነገር ግን ተሳፋሪ ጠሪዎቹ ሰውን ከአውቶቡስ እየጎተቱ ያወርዱ ነበር።

«ጎንደር አትሂዱ! ደሴ አትሂዱ! ጅማ አትሂዱ! እቤታችሁ ግቡ! እናታችሁ ትጠብቃችኋለች!»

አንዱ የተሳፋሪ ሻንጣ ነጥቆ እየሮጠ ወደ ባለቤቱ ቤት መለሰው፤ ባለቤቱም ከኋላው እየሮጠ ይመርቀዋል። በቲኬት መሸጫው መስኮት ፊት እስከ አስፋልቱ የደረሰ ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ቲኬት ሻጮቹ ናቸው። በመስኮቱ ውስጥ ጋቢ የደረቡ አንድ ባላገር ሽማግሌ ተቀምጠው ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አንዲት ቲኬት ልሽጥልዎ» አለች ከፊት የቆመችው ልጅ፤ ከመቆም ብዛት እግሯ አብጧል።

«እናትሽን በምትሸጪልኝ ወንበር አስቀምጠሻት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አስቀምጠሻት ስትመለሺ እንነጋገራለን። ቀጥሎ!»

ልሳነወርቅ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ «እኔ እኮ» ሊል ሲል መናኸሪያው የለም። መንገድ ላይ ነው። ተሳፋሪዎቹ በእግራቸው ከፊት ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱ ከኋላቸው ትንፋሽ አጥሮት ይከተላል። ኬላ ደረሱ። ገመዱን የያዙት አህዮች ነበሩ።

ከመካከላቸው ሸበቶው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ ተመለከተው።

«ኮትህን አውልቅ። ሸሚዝህንም።»

«ለምን?»

«የጭነት ቁጥጥር ነው።»

አወለቀ። አህያው ከኋላው ዞሮ ጀርባውን ከትከሻው እስከ ወገቡ በለስላሳ አፍንጫው ዳሰሰው። ትንፋሹ ሞቃት ነበር። ቸኩሎ አልነበረም፤ ሐኪም እንደሚያይ አድርጎ ነው ያየው።

«ንጹሕ ነው» አለ ለጓደኛው። «የጭነት ቁስል የለም፤ የተላጠም የለም።» ከዚያም ወደ ፊቱ መጣ። «ብዙ ጭነት አሳልፌያለሁ ትላለህ አሉ።»

«አዎን» አለ ልሳነወርቅ፣ ራቁቱን መቆሙን ረስቶ። «አገሩን ሁሉ የማጓጉዘው እኔ ነኝ።»

«በማን ጀርባ?»

ልሳነወርቅ ሸሚዙን ከመሬት አነሣ። አህዮቹ አልሳቁበትም፤ ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ገመዱን ዝቅ አደረጉለትና ሸበቶው «እለፍ» አለው። «የምትጠየቀው እዚህ አይደለም።»

አለፈ። መሥሪያ ቤቱ ደረሰ፤ ሕንጻው ጣሪያው መሬት ውስጥ ገብቶ መሠረቱ ወደ ሰማይ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ባለአክሲዮኖቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ጎማ ያጥባሉ፤ ያንጎራጉራሉም። ከእነሱ መካከል የቦርዱ ሊቀ መንበር እጁን ጭቃ አስነክቶ ቀና አለና «ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ግን አትጠይቀኝ» አለው። ልሳነወርቅ ደረጃውን ቁልቁል ሲወርድ ላይኛው ፎቅ ደረሰ።

የስብሰባው አዳራሽ በሴቶች ተሞልቷል። በየፊታቸው ክዳን የተደፋበት ሳህን አለ። ማንም ሳይነግረው አወቀ፤ የሾፌሮቹ ሚስቶች ናቸው፣ በሳህኑ ውስጥ ያለውም ባል ሲጠበቅበት የቀዘቀዘ እራት ነው። ሰብሳቢዋ ረጅም፣ ጠይም ሴት ነበረች።

«ተናገር» አለችው።

«የዘንድሮው አፈጻጸማችን እጅግ አመርቂ...»

«እሱን ተወው። እንቅልፉን የት አደረግኸው?»

«የምን እንቅልፍ?»

«የባሎቻችንን። ቤት አልመጣም፤ መንገድ ላይም ወድቆ አልተገኘም። አንተ ቆጥቤያለሁ ብለሃል። የቆጠበ ሰው ያስቀመጠበትን ያውቃል።»

«ቁጠባ ማለት እኮ...» ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር ከጥግ አንዲት አሮጊት አቋረጡት።

«ልጄ፣ እኔ እህል ስቆጥብ ጎተራዬ ውስጥ አገኘዋለሁ። የአንተ ጎተራ ወዴት ነው?»

የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ሊምል ፈለገ። እግሮቹ ግን ያውቁ ኖሮ ይዘውት ሄዱ። ሴቶቹ ሳህናቸውን እንደያዙ ተከተሉት። ከግቢው ጀርባ ወዳለው የጎማ መጋዘን ደረሰ፤ በሩን ገፋው፤ እዚያ አየው። እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጆንያ ነበር። እያንዳንዱ ጆንያ እንደ ሆድ ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል። አንዳንዱ ያንኮራፋል። ከአንዱ ውስጥ የወንድ ድምፅ በቅዠት የልጁን ስም ይጠራል፤ ከሌላው ውስጥ «ደርሰናል... ደርሰናል...» የሚል ይሰማል። ልሳነወርቅ ብዙ መጋዘን አይቷል፤ እንዲህ ያለ ሀብት ግን አይቶ አያውቅም።

«ይኸው» አለ በሹክሹክታ።

«ተሸከምና መልስ» አለች ሰብሳቢዋ።

«ሠራተኛ ልጥራ።»

«ጠራንህ እኮ።»

የመጀመሪያውን ጆንያ በትከሻው አነሣ። የተኛ ሕፃን ታቅፎ መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ የተኛ ነገር በሄዱ ቁጥር ይከብዳል። ዳገቱን ሲወጣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ልቡ እስኪፈርስ ይወጣል። የዓባይ ውኃ ገደሉን ትቶ ወደ ላይ እየፈሰሰ ከጎኑ ይሄድ ነበር፣ ሰው እንደሚሸኝ ጎረቤት። የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። የከፈተው ሾፌር የዓይኑ ቆብ የለም፤ ዓይኑ እንደ መኪና መብራት ፈጦ ቀርቷል። ጆንያውን ተቀበለው፤ አላመሰገነውም፣ አልረገመውም፤ ገባ። ወዲያው ከውስጥ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲተነፍስ ተሰማ፤ የመንደሩ ውሾችም ዝም አሉ።

ተመለሰ፤ ሌላ ተሸከመ። አንኳኳ፤ ሰጠ። ተመለሰ። ጀርባው ተላጠ፤ ሕመሙ ግን አላስከፋውም፤ እንዲያውም ከዓመታት ወዲህ ሥራ የሠራ መሰለው።

መጨረሻ ላይ አንድ ጆንያ ቀረ። ቤቱ ከመንደሩ ተነጥሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጥቁር የለበሰች ሴት ከፈተች። ገና ወጣት ናት።

«የባለቤትሽን አምጥቼ ነው» አላት።

ጆንያውን አየችው፤ እጇን አልዘረጋችም።

«እዚህ ተኝቶ የሚነሣ ሰው የለም» አለችው። «መልሰህ ውሰደው።»

«ለማን ልስጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተ ነህ የወሰድከው።»

በሩን ዘጋችው። ልሳነወርቅ ከነሸክሙ አፋፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ዞሮ «ለማን ልስጠው?» እያለ ተጣራ። ተራራው አልመለሰለትም፤ ውኃውም አልመለሰለትም። ሸክሙ ጎትቶ ወደ ኋላ ሲጥለው ነቃ።

አውቶቡሱ ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ውስጥ የቀረው ተሳፋሪ ሁሉ ነቅቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ዝም ብሏል። ልሳነወርቅ ገና ያልነቃ መሰለው።

«ምን ሆነን ነው?» አለ።

እትዬ አገሬ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «እሽሽ! ሾፌሩ ተኝቷል።»

«ተኝቷል? መንገድ ላይ?»

«አሁንማ አቁሞ ነው የተኛው፤ ተመስገን በል። ቅድም እየነዳ ነበር የተኛው።»

ከዚያም ጆሮው ሥር ሆነው ነገሩት። ጠምዘዝ ብሎ በሚወርደው መታጠፊያ ላይ አውቶቡሱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ሄደ። ከፊት የተቀመጠ ተማሪ ሲጮህ ሾፌሩ ባንኖ ፍሬኑን ረገጠው። የፊት ጎማው ከአፋፉ አንድ ክንድ አይርቅም። ሾፌሩ ምንይችል የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ትናንት ማምሻውን ከጎንደር ገብቶ ጎኑን ሳያሳርፍ «ተመለስ» ተብሎ እንደወጣ ነገራቸው። «ትንሽ ብቻ ልተኛ፤ ስለ ልጆቻችሁ» ብሎ ለመናቸው። ሰዉም ተማከረና ፈቀደለት። ወንዶቹ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ቅጠል ይዘው የሚመጣውን መኪና ያስቆማሉ።

«አንተማ እንደ ሕፃን ተኝተህ ነበር» አሉት። «ምስኪን፣ ደክሞታል ብለን ተውንህ።»

ልሳነወርቅ ተነሥቶ በጣቶቹ እየተራመደ ወደ ፊት ሄደ። ምንይችል በሞተሩ ክዳን አጠገብ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አንድ ሰው ጫማውን አውልቆለታል፤ አንዱ ጋቢውን አንጥፎለታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በካርቶን ቁራጭ ዝንብ ትከላከልለታለች። ጺሙ አድጓል፤ አፉ ተከፍቷል። ልሳነወርቅ አየው። የሠራተኞቹን መታወቂያ የሚፈርመው እሱ ነበር፤ የዚህን ሰው ፊት ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው።

በዚህ መካከል የሾፌሩ ስልክ ከመሪው አጠገብ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። ልሳነወርቅ ዘሎ አነሣውና ወደ በሩ ደረጃ ወረደ።

«ምንይችል! ለምን ቆምክ?» አለች የስምሪት ክፍሏ ልጅ። «ኮምፒውተሬ ላይ መኪናህ ቆሞ ነው የሚታየኝ!»

«ሾፌሩ ተኝቷል» አላት በሹክሹክታ።

«ምን? አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ልሳነወርቅ ነኝ።»

«የቱ ልሳነወርቅ?»

«ዋና ሥራ አስኪያጁ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እሳቸው አውቶቡስ አይሳፈሩም» አለች። «ሾፌሩን ቀስቅሰህ ስልኩን ስጠው፤ አለዚያ ቅጣቱ በእሱ ነው።» ዘጋችው።

ወዲያው እንደገና ጮኸ። ልሳነወርቅ ሊያጠፋው ጣቱን አስጠጋ፤ ከዚያም ተወው። ጉዞ ላይ ስልኩን ያጠፋ ሾፌር ከሥራ ይሰናበታል፤ ይህን ደንብ የፈረመው ራሱ ነው። ከበስተኋላው ምንይችል ተገላበጠ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ነፍሰ ጡሯ ካርቶኑን ይዛ በቁጣ አየችው። እትዬ አገሬ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣

«አንተ ሰውዬ፣ ወዲያ ውሰድልን!» አሉት።

ስልኩን በሁለት እጁ ሆዱ ላይ አፈነው፤ ኮቱን አለበሰው። ይህን ጊዜ ባለአክሲዮኖቹ ባሕር ዳር ላይ ወንበራቸውን ይዘው ይሆናል። እሱ ግን ሰው ሳይቀሰቅስ ጮክ ብሎ የሚናገርበት ቦታ ለማግኘት፣ በሚነደው አስፋልት ላይ ቁልቁል መራመድ ጀመረ። ስልኩ ይጮኻል፤ እሱ ይሄዳል።