የድንኳኑ ገንዘብና አሥራ ሁለቱ ቃላት

እሑድ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ መልስ 4፡10 ሰዓት ላይ፣ የእድራችን ኮሚቴ ንፋስ መውጫ በሚገኘው የእድሩ እቃ ቤት፣ ወንበሮቹ ለቅሶ ቤት ስለሄዱ በተደፉ ድስቶች ላይ ተቀምጦ ስብሰባውን ጀምሯል።

የተገኙ፦
1. አቶ ሞገስ፣ ሰብሳቢ
2. ቄስ ተክለ ሃይማኖት፣ ምክትል ሰብሳቢ
3. ወ/ሮ ዓለሚቱ፣ እቃ ጠባቂ
4. መምህርት ሜላት፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ
5. እኔ እንዳልካቸው፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ አወቀ፣ ያለ ፈቃድ። ሃያ ብር ተቀጥተዋል። ከስድስት አምስት በመገኘታችን ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የድንኳኑ ገንዘብ

ዱባይ ያለው የእድራችን ልጅ ለአዲስ ድንኳን የላከው ዲጂታል ገንዘብ በሰብሳቢው ስልክ፣ ዋሌት በሚባል የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። ዋሌቱን የሚከፍቱት አሥራ ሁለት የምስጢር ቃላት፣ የገንዘብ ሣጥናችን በሦስት ሰው ቁልፍ እንደሚከፈተው ሁሉ፣ ለአቶ ሞገስ፣ ለቄስና ለወ/ሮ ዓለሚቱ አራት አራት ተከፋፍለዋል። ትናንት ግን ሰብሳቢው በቴሌግራም "ዋሌታችሁ ሊዘጋ ነው፤ ይህን አዲስ አፕ ጭናችሁ አሥራ ሁለቱን ቃላት አስገቡ" የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። ጭነውታልም።

መምህርት ሜላት አፑ የሌባ መሆኑን፣ ቃላቱን ያገኘ ሰው ገንዘቡን ጠራርጎ እንደሚወስድ አስረዱ። ሰብሳቢው ምልክቱ እንደ ድሮው ዋሌት ያው ሰማያዊ መሆኑን ጠቅሰው ተቃወሙ። ሜላት "እርስዎ በሬ ሲገዙም ቀለም አይተው ነው?" አሉ። ሰብሳቢው ንግግሩ እንዳይመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ቄስ ተክለ ሃይማኖት ባለ አፑ ዋስ ይጥራ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ተጽፎ ተላከ። ወዲያው "ውድ ደንበኛችን፣ ዋስ አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃ ቀርቷችኋል" የሚል መልስ መጣ። ሰብሳቢው "ውድ" በመባላችን የላኪውን ጨዋነት አደነቁ፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንድ ላይ እስካሉ ድረስ ምንም እንደማይመጣም አረጋገጡ። ከአጭር ውይይት በኋላ ቃላቱ እንዲገቡ በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ሦስተኛው ድምፅ የእኔ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

አጀንዳ 2፦ አፈጻጸም

ሰብሳቢውና ቄሱ ስምንቱን ቃላት ጮክ ብለው እያነበቡ አስገቡ። ደንባችን በጉባኤ የተነገረ ሁሉ ይጻፍ ስለሚል፣ ስምንቱንም አሳምሬ መዘገብኩ።

ወ/ሮ ዓለሚቱ ግን አራቱን አልሰጥም አሉ። "ነሐሴ ላይ ባሌን ስቀብር የእናንተ ድንኳን እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። ለቀስተኛው ጃንጥላ ዘርግቶ ነው ያስተዛዘነኝ። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው እንደዚያ ሲዋረድ አላይም! ሰውዬው መጀመሪያ ድንኳኑን ይትከልልኝ፣ ከዚያ ይወስዳል።"

ሰብሳቢው "ሁለት ደቂቃ ቀረን እኮ!" አሉ። ወ/ሮ ዓለሚቱ "ይለፍ!" አሉ።

አለፈ። ሜላት በሰብሳቢው ስልክ የድሮውን ዋሌት ሒሳብ አዩ፤ ሒሳቡ ያለ ቃላቱም ይታያል። አልተዘጋም፤ ገንዘቡም ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ቄስ ተክለ ሃይማኖት አማተቡ።

አጀንዳ 3፦ የመጨረሻ ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። አፑ ይጥፋ። ስምንቱ ቃላት ሌባ እጅ ስለገቡ ገንዘቡ ዛሬውኑ ወደ አዲስ ዋሌት ይዛወር፤ በዚህ ሳምንት ድንኳን ይገዛበት። አቶ አወቀ ቢመጡ ድምፃቸውን ለሰብሳቢው ይሰጡ እንደነበር ስለታመነ፣ በመቅረታቸው ተመስግነው ቅጣታቸው ተነሥቷል። ቃላቱ የሰፈሩበት ቃለ ጉባኤ ተቃጥሏል፤ ይህ ያለ ቃላቱ የተገለበጠ ነው።

ወ/ሮ ዓለሚቱ አራቱን ቃላት ለማንም ሳያሳዩ ራሳቸው አስገብተው ገንዘቡ ተዛወረ፤ ስብሰባው 6፡20 ላይ ተዘጋ። ስንወጣ ሰብሳቢው "እንግዲህ አሁን አይጠቅሙም፤ ለመሆኑ አራቱ ቃላት ምን ነበሩ?" ብለው ጠየቁ።

ወ/ሮ ዓለሚቱ "ድንኳኑ ሲተከል እነግርዎታለሁ" አሉ።