እኔን ያሉኝ እማማ ጥሩዬ

በአገራችን ሰው ሲወድቅ፣ ያየው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማንሳት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ «እኔን!» ይላል። አንሺው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ብርጭቆ ከእጃችሁ ቢያመልጥ «እኔን!»፣ እንቅፋት ቢመታችሁ «እኔን!»፣ ሚኒባስ ስትገቡ ጭንቅላታችሁን ብትገጩ ከኋላ ወንበር የማታውቁት ሰው «እኔን!» ይላችኋል። እናንተን ያገኘው እኔን ባገኘኝ ማለት እኮ ነው። ከባድ ነገር ነው። ግን ስንቴ ብለናል፣ ስንቴ ተብለናል፤ ቃላችንን ይዞ «እሺ፣ እንካ» ያለን የለም። እኔም እስካለፈው ክረምት መውጫ ድረስ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ሞጣ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከመቀስና ከመርፌ ሌላ የማውቀው ሙያ የለም፤ መቀሱን የምይዘው ደግሞ በቀኝ እጄ ነው። ባለቤቴ ቢቸና አክስት አለቻት፤ እማማ ጥሩዬ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ልንጠይቃቸው ሄደን አደርንና ጠዋት ልንመለስ ስንወጣ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እግሬ ከዳኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። እጄን አስቀድሜ ወደቅሁ፤ የቀኝ እጄ አንጓ ቀጭ ሲል እኔም ሰማሁት፣ ባለቤቴም ሰማችው።

ባለቤቴ «እኔን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቶችም ከአጥር ወዲያ ሆነው፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያዩ «እኔን! እኔን!» አሉ። ይህ ያለ ነው። እማማ ጥሩዬ ግን አልጮኹም። ቀስ ብለው መጡ፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው እጄን ያዙ፤ አንጓዬን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔን» አሉ። ቃሉ የሚነገረው ለወደቀው ሰው ነው አይደል? እሳቸው እኔን እያዩ አልነበረም። ከትከሻዬ በላይ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ ጓሮው ነበር የሚያዩት። አነጋገራቸውም ከሰው ጋር ውል የሚዋዋል ሰው አነጋገር ነበር። 

በዚያ መንገድ የተሰበረ እጅ ይዞ በሚኒባስ መሄድን ለጠላቴም አልመኝለትም። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሹፌሩን ከነዘር ማንዘሩ በሆዴ ሰድቤ ጨርሼ ነበር። ሞጣ ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለ፤ እጄ ጀሶ ገባ። ሐኪሙ ጣቶቼን ነካ ነካ አድርጎ «መቀስ የመያዙን ነገር ቆይተን እናየዋለን» አለኝ። ይህቺ «ቆይተን» ከስብራቱ የበለጠ አመመችኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ ካሉ ልጄን በምን ላሳድጋት ነው?

ከዚያ ወዲያ ኑሮ ግራ እጅ ሆነ። የሸሚዜን ቁልፍ ባለቤቴ፣ የጫማዬን ማሰሪያ ልጄ። በግራ እጅ መብላት ነውር ስለሆነ ሰው ቤት ስሄድ እንደ ሙሽራ ያጎርሱኛል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላማትብ ብል ጀሶው አፍንጫዬን ደለቀው። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ ሰይድ ሱቁን እየተወ የተማሪዎችን ዩኒፎርም ይቆርጥልኝ ነበር፤ ቀጥ ያለውን አሳምሮ ይቆርጣል፣ እጅጌ ላይ ሲደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ሕመሙ ግን ቀልድ አያውቅም። ትልቅ ሰው ነኝ ብዬ አልደብቃችሁም፤ አለቀስሁ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሕመሙ ቀጥ አለ። ቀነሰ አላልሁም። ቀጥ አለ። ጀሶው ውስጥ የነበረ የሌላ ሰው እጅ ሾልኮ የወጣ መሰለኝ። ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ ጨበጥሁ፤ ታዘዙ። ሰይድን ጠርቼ በደስታ እያሳየሁት፣ ባለቤቴ ስልኳን እንደያዘች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እማማ ጥሩዬ እጃቸው ተሰበረ» አለች። «ቀኙ። አንጓቸው ላይ።»

«መቼ?»

«አሁን። ጎረቤታቸው ናት የደወለች።»

«ከምን ላይ ወድቀው?»

«እኔም እሱን ጠየቅኋት። አልወደቁም። ፀሐይ እየሞቁ ሲፈትሉ፣ በተቀመጡበት፣ እያየኋቸው ቀጭ አለ ነው የምትል።»

ሰይድ «ያረጀ አጥንት ነው፤ ሌላ ነገር አታስብ» አለኝ። ልክ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን «እኔ ያን ቀን ያልሁህ ‹አላህ ያሽርህ› ነው፤ ታስታውሳለህ አይደል?» አለ። አስታውሳለሁ አልሁት። ቀለል ብሎት ወደ ሱቁ ገባ።

ጀሶዬ ሲፈታ ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ወደ ብርሃን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። የድሮውንም አስመጣ። ከዚያ ስሜን ጠየቀኝ፤ ሁለቱ ፎቶዎች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማረጋገጥ ነው። የስንጥቁ ምልክት እንኳ አልነበረም። ሥራዬን ጀመርሁ። መቀሱ እንደ ድሮው ይቆርጣል፤ በቆረጥሁ ቁጥር ግን እንዝርታቸው የቆመባቸው ሴት ፊቴ ላይ ይደቀናሉ። ሄጄ መጠየቅ አለብኝ። ከሄድሁ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጠያቂ «እኔን» ማለት አለብኝ። ቢመለስብኝስ?

ሄድን። ወጌሻ እጃቸውን በቀርከሃ ስንጣሪ አስሮላቸዋል፤ ያልተፈተለው ጥጥ ቅርጫት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጧል። የሚገባው ጠያቂ ሁሉ ገና ከደጃፍ «እኔን!» ይላል። ተራው የእኔ ሆነ። አፌን ከፈትሁ።

«እግዜር ይማርዎ» አልሁ።

ጠያቂው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽሽቴን ሁሉም ያወቀብኝ መሰለኝ፤ ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። እማማ ጥሩዬ በግራ እጃቸው ቀኝ እጄን ሳቡና፣ እንደሚገዙት ጥጥ አገላብጠው አዩት። ከዚያም ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አትፍራ ልጄ፤ አልመልስልህም» አሉኝ።

«ለምን?»

«አንተ ልጅ አለህ። እኔ ያለኝ እንዝርት ነው።»

እንዲህ ብለውኝ እንዴት ጥያቸው ልምጣ? ይዘናቸው መጣን። አሁን ሞጣ እኛው ቤት ናቸው። ስንጣሪውን ያሳልፍ ዘንድ እጅጌው ሰፋ ያለ ቀሚስ ሰፋሁላቸው። ቀን ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠው የልጄን ሩጫ ያያሉ።

ትናንት ልጄ ስትሮጥ ደረጃው አዳልጧት ተዘረረች። ልጄ ሳትሆን እማማ ጥሩዬ ናቸው ያስደነገጡኝ። ዓይናቸው ከአጥሩ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ፤ ከንፈራቸው ሊላቀቅ ነው። ያቺ አንድ ግራ እጅ ናት የቀረቻቸው።

ቀደምኋቸው። «እኔን!» አልሁ። በሙሉ አፌ፣ የምለውን እያወቅሁ። እማማ ጥሩዬ ወደ እኔ ዞረው ብዙ አዩኝ። ከዚያ ወደዚያው ባዶ ቦታ መለስ ብለው፣ ሰው ሰማሁ ሲል እንደሚያደርገው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጄ የምታለቅሰው ጉልበቷን ይዛ ነው። የእኔ የስፌት መኪና ደግሞ በእግር የምትረገጥ ናት። ስለዚህ ለጥምቀት ልብስ ያዘዛችሁኝ ደንበኞቼ፣ በዚህ ሳምንት መጥታችሁ ብትወስዱ ይሻላል።