ሰላምታ የማያውቀው ሳጥን

ኮምፒውተርን የፈጠረው ሰውዬ ጎረቤት አልነበረውም! ቢኖረውማ ኖሮ፣ ሰው ገና ከበር ሲገባ "ስም?" ብሎ የሚያፋጥጥ ፍጡር ባልሠራ ነበር። አይ፣ አትሳቁ... የእኔ ይድረስባችሁና ያኔ ትስቃላችሁ።

ያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ወረርሽኝ ከተማችንን ሮቤን ባመሰበት ሰሞን ነው። የገበሬዎች ማኅበራችን "ከእንግዲህ የኮምባይነር ተራ በኮምፒውተር ነው" አለና ሥራውን እሳት ለላስኩት ባለሙያ፣ ለእኔ ሰጠኝ። የመመዝገቢያውን ገጽ ሠራሁ። ከየመሙያ ሳጥኑ በላይ ያለችውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍም (ሌብል ይሏታል ሊቃውንቱ) በአማርኛና በኦሮምኛ መለስኳት። "ስም"፣ በኦሮምኛው "መቃ"። አለቀ! እጥር ምጥን ያለ ሥራ ብዬ ራሴን በራሴ አደነቅኩ። ስንዴው ደርሷል፣ ሰማዩ በሳነቴ ተራራ በኩል ጠቁሯል፤ ኮምባይነሩ ዝናቡን ካልቀደመ የዓመት ልፋት ማሳ ላይ መበስበሱ ነው።

መጀመሪያ የገቡት ሀጂ ቃሲም ነበሩ፤ እሳቸው እሺ ካላሉ ማኅበርተኛው ሁሉ እንቢ የሚልላቸው ሽማግሌ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

"ምንድን ነው የሚለው?"

"ስምዎን እየጠየቀ ነው ሀጂ።"

"አሰላሙ አለይኩም ሳይለኝ?"

"እ... ማሽን እኮ ነው።"

"ማሽኑንስ ተወው። ይህንን የጻፈው ሰው አይደለም እንዴ? አሳዳጊ የበደለው!"

አሳዳጊ የበደለው እኔ መሆኔን ለመናገር ወኔ ከየት ይምጣ? ሀጂ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ከኋላቸው የቆመው ሰልፍም ተከትሏቸው ወጣ። ጉድ በል ሮቤ!

እልህ ያዘኝ። ሰላምታ ነው የፈለጋችሁት? እንካችሁ! "ስም" የምትለዋን አነሳሁና እንዲህ ብዬ ተካሁ፦ "አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልን! ነጋያ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ደህና ነው? ስምዎን ማን እንበል?"

ሀጂን ለምኜ መለስኳቸው። አነበቡና ፈገግ አሉ። "ይኸው! አሁን ሰው ሆነ" ብለው ጸሐፊያችንን ዘሃራን ያስጽፏት ጀመር። ዘሃራ ደግሞ የተባለችውን አንዲት ቃል ሳትቀንስ ነው የምትጽፈው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ምነው ባልወጣሁ!

ስመለስ ሁሉም ተመዝግቧል፤ የኮምባይነሩ ሹፌር የታተመውን ዝርዝር ይዞ ላብ ያጠምቀዋል።

"አንደኛው ማነው?" አልኩት።

"ወአለይኩም ሰላም፣ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን።"

"ሁለተኛውስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ላማችን ወልዳለች።"

"ሦስተኛው?"

"ኧረ ሁሉም ደህና ናቸው ወንድሜ! ግን እነማን ናቸው?"

ለካ ሳጥኗ የምትይዘው የተወሰነ ፊደል ብቻ ነው። የሰላምታው መልስ ሞላትና ስሙ ውጭ ቀረ። ሰማዩ አጉረመረመ፤ እኔ ደግሞ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሀጂ ዝርዝሩን ከሹፌሩ እጅ ወሰዱ፣ ገለበጡት፣ እስክሪብቶ ተዋሱና ማን ከማን ኋላ እንደተሰለፈ እስከነአያቱ ከራሳቸው አውጥተው ጀርባው ላይ ጻፉት። የእኔ ፕሮግራም ሁለት ወር የፈጀበትን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጊዜ! ዝናቡም የወረደው ስንዴው ጆንያ ከገባ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሀጂ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ማሽንህ ጨዋ ሆኗል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል።"

"ምን ሀጂ?"

"እሱ ቤተሰባችንን ጠየቀ፣ እኛም መለስን። እኛስ የሱን ቤተሰብ የምንጠይቅበት ሳጥን የታል?"

ምን ላድርግ... ጨመርኩላቸዋ!