ሽማግሌ ጭኖ ጀልባ ማቆም

መኪና ማቆም የቻለ ሰው ጀልባም ማቆም የሚችል ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። መኪናስ ፍሬኑን ሲረግጡት ይቆማል፤ ጀልባ ምኑ ይረገጣል? ያውም የእኔዋ ባለሸራ ናት። ቤንዚን ሲጠፋ ጊዜ ሞተሩን አውልቄ ሸራ አሰፋሁላት። ሰው ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ ነፋስ ወረፋ አያስይዝም።

ማስኬዱስ አይከብድም። ጣጣው ዳር ሲደረስ ነው። የሚገባበት ቦታ ጠባብ፣ ዳር የቆመው አዛዥ ብዙ። አንዱ ግራ ይላል፣ አንዱ ቀኝ ይላል፤ ውኃ ገብቶ የማያውቀው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

ልጄ ከማል ከሐይቁ ማዶ የሼህ ያሲንን ልጅ ወደደ። እሷም አልጠላችው። ችግሩ አባቷ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ሽማግሌ ማመላለስ ይወዳሉ። ዘመድ ላማክር፣ በሳምንቱ ኑ ይላሉ። በሳምንቱ ሲኬድ አጎቷ አልመጣም ይላሉ። ከእኛ በፊት የጠየቀ ጎረምሳ በምልልሱ ተሰላችቶ ሌላ አግብቶ ወልዷል። ከማል እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ረመዳን ሳይገባ ቁርጤን ካላወቅሁ ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለኝ። በየት በኩል እንደሚኬድ ታውቃላችሁ። በዚያ በኩል ሄደው ድምፃቸው የጠፋ የሰፈራችን ልጆች አሉ። እንቅልፍ አጣሁ።

ሐጂ ሰይድንና መሪጌታ ገብሬን ለመንኩ። የሙስሊም ልጅ ለመጠየቅ መሪጌታ ምን አገባቸው የሚል ካለ ወሎን አያውቅም ማለት ነው። በወጉ የልጁ አባት ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከበሩ እስከ አጥሩ ስመላለስ ባለቤቴ፣ ግቢውን አረስከው እኮ፣ ዝራበት አለችኝ። በመጨረሻ አባትነቴን እዚህ ትቼ ጀልባ ነጂ ሆኜ ልሂድ አልኳቸው። መሪጌታ ረጅም ጢሜን አይተው ሳቁና፣ “ጢሙንስ ለማን ትተውት ይመጣሉ?” አሉ።

መቼም ከጨው ችርቻሮ ተነስቼ እዚህ የደረስኩት ሳልለካ ገዝቼ ስለማላውቅ ነው። ሼህ ያሲን ደጃፋቸው ላይ ሁለት የዓሣ ጀልባ ያስራሉ፤ መሀሉ ላይ ክፍት ቦታ አለ። ቀደም ብዬ ሄጄ ክፍቱን በክንዴ ለካሁ። የጀልባዬንም ወገብ ለካሁ። ስንዝር ይተርፋል። ከዚያ የሰው ጀልባ እንዳልፍቅ ብዬ በግራና በቀኝ አሮጌ የባጃጅ ጎማ አንጠለጠልኩ። ጎማውን አልለካሁትም።

በቀኑ ማዶ ልንደርስ ስንል ነፋሱ ከኋላችን በረታ። ሸራውን ማውረድ ነበረብኝ፤ ዘገየሁ። ሐጂ “አብሽር፣ ቀስ በል” ይላሉ፣ ቀስ ማለት በእጄ ያለ ይመስል። መሪጌታ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሼህ ያሲን ዳር ቆመው ያያሉ። ጎማው ተጨፈለቀ፣ ጀልባዋ ጠርሙስ አፍ ውስጥ እንደተመታ ቡሽ ገባች፣ የሼሁ ጀልባዎች አቃሰቱ። ቀጥ አለች። ገመድ እንኳ አላስፈለጋትም።

ሽማግሌዎቹ ወርደው መልእክታቸውን አደረሱ። ሼሁ በጥሞና ሰሙና፣ ዘመድ ላማክር፣ በሳምንቱ ኑ አሉ። እሺ ብለው ተመለሱ። ገፋን፤ እምቢ። የሼሁ ሰዎች መጥተው ገፉ፤ እምቢ። ነፋሱ ከውኃው በኩል ይጫናል፣ የተጨመቀው ጎማ ወጥሮ ይዟል። የሼሁም ጀልባዎች ንቅንቅ አላሉም፤ መረባቸው ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ይዞ ይጠብቃል። በእግር ዙረን እንዳንሄድ የመሪጌታ ጉልበት አይሆንም።

ሽማግሌዎቹ ወደ ቤት ተመለሱ። ምግብ ቀረበ። አሁን ወጉ መጣ፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳያልቅ የሰው ቤት እህል አይቀምስም። ሐጂ እጃቸውን ሰበሰቡ፣ መሪጌታም ሰበሰቡ። ለእኔም ለጀልባ ነጂው ተላከልኝ፤ ሆዴ እየጮኸ መለስኩ። እንግዳ ሳይበላ ባለቤት አይበላም፣ ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ጦሙን ተቀመጠ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች፣ ወጡ እየቀዘቀዘ፣ እኔ ጀልባዋ ውስጥ ብድግ ቁጭ እያልኩ።

በመጨረሻ የሼሁ ባለቤት የእትዬ ዘሐራ ድምፅ እስከ ውኃው ድረስ ተሰማኝ።

“አንቱ ሰውዬ፣ በኔ ቤት እንግዳ ተርቦ አያመሽም። ወይ ልጅቱን ስጡ፣ ወይ ጀልባዋን ተሸክመው ያውጡ።”

ቀጥሎ ፋቲሐ ሲቀራ ሰማሁ። ሰጡ። ተበላ።

ሲሸኙን ሼህ ያሲን ቢላ ይዘው መጡና የጎማዎቹን ገመድ በጠስ በጠስ አደረጉት። ጎማዎቹ በግድ ተመዘው ሲወጡ ጀልባዋ ሸርተት ብላ ወጣች። ሼሁ ቢላውን እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ።

“እንድሪስ፣ ይህን ቀድመህ አላሰብከውም?”

“እኔ ምን አውቄ” አልኩ፣ “ጀልባ ነጂ ነኝ።”

ከማል ዛሬ ባለ ትዳር ነው፤ ዓረብ አገርንም ረስቶታል። እኔ ግን አፈርኩና ማቆም ተማርኩ። ሸራ አስቀድሞ ማውረድ፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ማዞር፣ በቀስታ ማስጠጋት፣ ገመድ መወርወር። አሁን ስገባ ውኃው እንኳ አይሰማኝም።

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ከማዶ ሴት ፈለገና ሽማግሌ አሻገርኩለት። እንዴት አድርጌ እንዳቆምኩ ብታዩ። በሳምንቱ ኑ ተባሉ። በሳምንቱ ከበፊቱም አሳምሬ አቆምኩ። አጎቷ አልመጣም ተባሉ። እኔ ማቆም እያሻሻልኩ፣ እነሱ ቀጠሮ እያራዘሙ ስንመላለስ ከረምን።

ትናንት ጎረቤቴ መጥቶ እጁን እያሻሸ ቆመ።

“ጋሽ እንድሪስ” አለኝ፣ “አይቀየሙኝና፣ ማቆም ሳይችሉ በፊት ያቆሙ እንደነበረው አድርገው ቢያቆሙልን?”